የትብለጥ እጆች

ወገኖቼ፣ ይህ የሆነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አርብ ጠዋት ነው። ቦታው በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ያለ የአንደኛ ክፍል ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አንዲት ወጣት መምህርት፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይፈ፣ ሽብሩ የሚባል ባለጋሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ታላቅ እኅቱ ዘነበች፣ እንዲሁም ክፍሉን የሞሉት ሕፃናት ናቸው። ከሕፃናቱ አንዷ የሽብሩ ልጅ ትብለጥ ናት።

ትብለጥ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል። አባቷ ያያታል። አክስቷ ታያታለች። ርዕሰ መምህሩ ጠመኔውን እንደ ያዙ ይጠብቋታል። እርሷ ግን ዝም ብላለች።

ካነበበች ትምህርቷን ትቀጥላለች። ካላነበበች ከሰዓት በኋላ በሚነሣው አውቶቡስ ከአክስቷ ጋር ሄዳ፣ ሰው ቤት ሕፃን አዝላ ትውላለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

እዚህ እንዴት እንደ ተደረሰ ልንገራችሁ።

ፊደል እንዴት እንደሚቆጠር ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ዘንግ ይዞ ከፊደል ገበታው አጠገብ ይቆማል። እያመለከተ ይጮኻል፤ ሌላው ይከተለዋል። ሀ! ሁ! ሂ! ድምፁ በመስኮት ወጥቶ መንገድ ላይ ይሰማል። በዚያ የሚያልፍ ወላጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞላል። «ልጆቻችን እየተማሩ ነው» ይላል፤ መንገዱንም ይቀጥላል።

በዚያ ጩኸት መካከል እንደ ትብለጥ የሚጮኽ አልነበረም። አንደኛ ክፍል ስትማር ይህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሆኖም ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ትወጣዋለች። መምህርቷ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ነበረችና በመጀመሪያው ወር፣ «ይህችን የመሰለች ልጅ ለምን ወደቀች?» እያለች ትገረም ነበር።

አንድ ቀን ዘንግ ያዡ ልጅ ቀረ። መምህርቷ ዘንጉን ለትብለጥ ሰጠቻት። ትብለጥም ደስ ብሏት ወጣች፤ ማመልከትና መጮኽ ጀመረች። ትንሽ እንደ ሄዱ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር! ትብለጥ ለ እያለች ዘንጉ መ ላይ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ትብለጥም አብራ ሣቀች። ምን እንደሚያሥቃቸው ግን አልገባትም።

ከትምህርት በኋላ መምህርቷ አስቀረቻትና ከገበታው መካከል አንዷን ፊደል በጣቷ ነካች።

«ይህችስ?»

መምህርቷ ጣቷን ወደ ሌላዋ አሳለፈች።

«ይህችኛዋስ?»

«ቲቸር፣ ከመጀመሪያው ልነሣ?»

«ከመጀመሪያው ብትነሺ ታውቂያታለሽ?»

«አዎ። ስደርስባት አውቃታለሁ።»

ስደርስባት አውቃታለሁ! ይህችን ቃል ያዙልኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ፊደሉን እንደ ዘፈን ነው የያዘችው። ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ታውቃለች። ዓይኗን ገልጣ አንዱንም አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላወቀባት ለምንድን ነው? ከሁሉም ጋር ስለምትጮኽ ነው። የብዙ ሰው ድምፅ አንድን ሰው ይሸፍናል። እንዲያውም በደንብ ይሸፍናል።

መምህርቷ ምን አደረገች? መጀመሪያ ያደረገችው ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ጨምራ አስጮኸቻት። በእረፍት ሰዓት አስቀርታ አስጮኸቻት። ምንም አልሆነም።

ከዚያ አንድ ቀን ልጆቹ ሲጫወቱ ቆማ ታይ ነበር። አንዲት ተማሪ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ መጥታለች። ትብለጥ ከኋላዋ ተቀምጣ ሹሩባውን በጣቶቿ ትዳስሳለች። ዓይኗ ወደ ሌላ ነው፤ ኳስ የሚጫወቱትን ታያለች። ጣቶቿ ግን ከግንባር እስከ ማጅራት እየሄዱ ይመለሳሉ። ጥቂት ቆይታ ሌላ ልጅ ጠራችና ጭንቅላቷን ይዛ ያንኑ ሹሩባ ትሠራላት ጀመር። መስመሩም መታጠፊያውም አልተሳሳተም።

መምህርቷ ቀረብ አለች። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም፤ ነካሁታ» አለች ትብለጥ።

ነካሁታ! መምህርቷ የፈለገችውን ያን ጊዜ አገኘች። ይህች ልጅ የነካችውን አትረሳም። ታዲያ ፊደልን ማን አስነክቷት ያውቃል? ፊደል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዘንግ ይነካል እንጂ በእጅ አይነካም። «ገበታውን አታቆሽሹ» ተብሎ ደግሞ ተከልክሏል።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ሰፌድ ይዛ መጣች፤ ሰፌዱ ላይ ከወንዝ የመጣ አሸዋ አለ። ልጆቹ በየተራ እየቀረቡ ፊደሉን በጣታቸው አሸዋው ላይ ይጽፉ ጀመር፤ ሲጽፉም ስሙን ይጠሩታል። ማክሰኞ ጭቃ አቦኩና ፊደል ሠሩ፤ ፀሐይ ላይ አደረቁት። ረቡዕ በግቢው መሬት ላይ በአመድ ትልልቅ ፊደል ጻፈችላቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ተከታትለው በመስመሩ ላይ ሄዱ። ሐሙስ በሻርፕ ዓይናቸውን እያሰረች የደረቀውን የጭቃ ፊደል እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ዳስሱና ማን እንደሆነ ንገሩኝ» አለቻቸው፤ ልክ የሰው ፊት እንደሚዳሰስ።

ልጆቹ ራሳቸው ለፊደሎቹ መልክ ያወጡላቸው ጀመር። መ ሁለት ክብ ስላላት መነጽር ሆነች። ቀ ወገቧን ይዛ የቆመች ሴት ሆነች። በ በር ሆነች። «ለ»ን ለመጻፍ አንዱ ልጅ እግሩን ከፍቶ ይቆማል፣ ሌላው ከሥሩ ይሾልካል።

ጫጫታውም በዚያው ልክ ነበር። አቶ ሰይፈ ከቢሯቸው ወጥተው መጡ።

«መምህርት፣ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ሠርግ?»

«በ ላይ እየሄድን ነው፣ ጋሼ።»

«በ ደግሞ ይሄዱባታል እንዴ?»

ከመስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቀና ብላ መለሰችላቸው። «እርሷም ሁለት እግር አላት፣ ጋሽ ሰይፈ!»

አቶ ሰይፈ መሣቅ አልፈለጉም። ግን ፊታቸውን አዙረው ነው የሄዱት።

ትብለጥስ? መምህርቷ ዓይኗን አስራ የጭቃውን ፊደል ስትሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለች። ጣቷ በአንደኛው ክብ ዞረ። በሁለተኛው ክብ ዞረ። ከዚያ ጮኸች፤ እንደ ድሮው ከሰው ጋር ሳይሆን ብቻዋን ጮኸች።

«መነጽር! መ!»

ማንም «ከመጀመሪያው ተነሺ» አላላትም። መ ብቻዋን መጣችና ታወቀች።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ በየቦታው ትጽፍ ጀመር። ጭኗ ላይ ትጽፋለች። ዴስኩ ላይ በባዶ ጣቷ ትጽፋለች። «ቲቸር፣ ትብለጥ ጀርባዬ ላይ እየጻፈች አላስቀምጥ አለችኝ!» ብሎ የሚከስም ነበር። ሰሌዳ ላይ ፊደል ስታይ መጀመሪያ ጣቷ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ አፏ ይከፈታል። ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ ጣት፣ ከዚያ አፍ። ለገና ትምህርት ሲዘጋ ብዙዎቹን አውቃለች፤ ሁለት ሦስቱን ገጣጥማ ቃል ማንበብም ጀምራለች።

አሁን ወደ አባቷ ልሂድ። ሽብሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳትፈርዱበት። ልጁን ሁለት ዓመት ልኮ ሁለት ጊዜ ወድቃበታለች። በመንገድ ሲያልፍ ድምፅዋን ለይቶ እየሰማ፣ «የእኔ ልጅ ከሁሉ በላይ ናት» ሲል ቆይቶ፣ በሰኔ «ወድቃለች» ሲባል በሰው ፊት አፍሯል። ሚስቱ አራስ ናት። ዘነበች ለጥምቀት ስትመጣ፣ «ልጅቷን ስጠኝ፤ ደኅና ሰዎች ቤት አስገባታለሁ፤ ትንሽ ከፍ ስትል የማታ ትማራለች» አለችው። እርሷም ክፋት አልነበረባትም። ራሷም እንዲሁ ነው ያደገችው።

ሽብሩ እያሰበበት ሳለ ልጁ እጇ በጭቃ ተለውሶ ከትምህርት ቤት መጣች። ያን ጊዜ አላስቻለውም። ጋሪውን እየነዳ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«መምህርት፣ እኔ ልጄን የላክኋት ጭቃ ልታስቦኪያት ነው? ጭቃውማ እቤቴም ሞልቶልኛል!»

«አቶ ሽብሩ፣ እየተማረችበት ነው። ታነባለች።»

«ማን? ትብለጥ? ይህንንማ አምናም ዘምራልኛለች።»

አቶ ሰይፈ ገቡበት። «አርብ ጠዋት መጥተህ ራስህ ስማት። እኅትህም ትምጣ። የምጽፍላት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ ሽብሩ። «ካነበበች ትቆያለች። ካላነበበች በዚያኑ ቀን ከእትዬ ጋር ትሄዳለች። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ፈራች። «ሰው ሲመጣ ክፍሉ ክፍል ይምሰል» አለች። የጭቃውን ፊደል በካርቶን አድርጋ ከበር ኋላ ደበቀች። የሰፌዱን አሸዋ ደጅ ደፋችው። ወለሉን አስጠረገች። ከዚያ ልጆቹን አቁማ ነገረቻቸው።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ሲገቡ ትነሣላችሁ። እጃችሁን ታጣምራላችሁ። ጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እጁን አያወናጭፍም። ማንም እጁን እንዳይፈታ!»

«እሺ ቲቸር!» አሉ።

አያችሁ? የልጅቱን እጅ የፈታችው መምህርት፣ በሚያስፈልግበት ቀን ያንኑ እጅ አሰረችው። ለምን? ልጅቷን ጠልታ ነው? አይደለም። በሰው ፊት ለማማር ነው። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ጨዋ ልጅ እጁን ያጣምራል፤ አንገቱን ይደፋል። ማን ይህን አስነውሮ ያውቃል?

አርብ ደረሰ። እንግዶቹ ገቡ። ልጆቹ ብድግ አሉ፤ እጅ በሙሉ ደረት ላይ ተጣመረ። ሽብሩ ወደ እኅቱ ዞር ብሎ፣ «ሥርዓታቸውስ ጥሩ ነው» አለ። መምህርቷም ይህን ሰምታ ትንሽ ደስ አላት።

ትብለጥ ተጠርታ ወጣች። እንደ ተጣመረች ወጣች። አቶ ሰይፈ በትልቁ ጻፉ፦ መ።

ትብለጥ አየችው። ዝም አለች።

አቶ ሰይፈ በዳስተር አጠፉና ሌላ ጻፉ፦ በ።

ትብለጥ ዝም።

አጠፉና ሦስተኛውን ጻፉ። ከኋላ አንዱ ልጅ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ጎረቤቱ በክርኑ ወጋው።

ሽብሩ ተነሣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አየሽ እትዬ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በቃ። ልብሷ ተዘጋጅቷል አይደል?»

«ቆይ እስቲ፣ ፈርታ ይሆናል» አለች ዘነበች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርታ ነው?»

መምህርቷ አንድ እርምጃ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። ትብለጥን አየቻት። የልጅቷ ዓይን እንባ ቋጥሯል፤ ከፊደሉ ላይ ግን አልተነሣም። ያን ጊዜ መምህርቷ አንድ ነገር አየች። በትብለጥ ብብት ሥር፣ በተጣመረው ክንድ ተይዞ፣ አንድ ጣት ይንቀሳቀሳል። ለመውጣት ይታገላል፤ መውጫ የለውም።

«ትብለጥ» አለች መምህርቷ። «እጅሽ ምን ሆነ?»

«ቲቸር፣ እርስዎ አትፍቱ ብለዋል።»

ወገኖቼ፣ ይህን መልስ የሰማች መምህርት ምን ይሰማት ይመስላችኋል? ልጅቷ ሊወስዷት ነው። ልብሷ ተዘጋጅቷል። እጇን ብትፈታ ትድናለች። ግን የተባለችውን እያከበረች ቆማለች! ከታዛዥነቷ የተነሣ ልትጠፋ ነው!

«ፍቺው» አለቻት መምህርቷ።

ሽብሩ ገሠጸ። «ኧረ መምህርት! በአቶ ሰይፈ ፊት እጇን ልታወናጭፍ?»

ትብለጥ ፈትታ የነበረውን እጅ ወዲያው መልሳ አጣመረችው። መምህርቷ በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች። ገና አንድ ዓመት ያልሞላት አስተማሪ ናት፤ አለቃዋ አጠገቧ ቆመዋል። ሆኖም ተናገረች።

«አቶ ሽብሩ፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ይህች ልጅ የምታነበው በጣቷ ነው። እጇን ያሰርኩባት እኔ ነኝ። እባክዎን አንድ ጊዜ ይፍቀዱላት።»

ሽብሩ አቶ ሰይፈን አየ። አቶ ሰይፈ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ ነውር የለውም» አሉ። «እጇን በኪሷም ብትከት ግድ የለኝም። ታንብብልን።»

«ትፍታ እንግዲህ» አለ ሽብሩ።

አቶ ሰይፈ የመጀመሪያዋን ፊደል መልሰው ጻፉ። ትብለጥ እጇን ፈታች። ቀኝ እጇን አንሥታ በአየር ላይ አንድ ክብ ሠራች። ሌላ ክብ ሠራች።

«መ።»

ክፍሉ ሊጮኽ ነበር፤ መምህርቷ በዓይኗ ያዘቻቸው። አቶ ሰይፈ ቶሎ ቶሎ ይጽፉ ጀመር። በ። ለ። ተ። አንዷን ስታለች፤ ከዚያ ጣቷን መልሳ በአየር ላይ አስኬደችና፣ «አይደለም፣ አይደለም፤ ሰ ናት» ብላ አረመች። አንዳንዱን ወዲያው ትለዋለች፤ አንዳንዱን ቆይታ ትለዋለች። ግን ሁሉንም ብቻዋን ነው።

ሽብሩ አመነ? አላመነም! እናንተስ ብትሆኑ ታምናላችሁ? ሰው ሁለት ጊዜ ከተታለለ በሦስተኛው ጆሮውን አያምንም።

«እነዚህን አጥንታችኋታል» አለ። «ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ ታውቀዋለች። ነይ፣ ውጪ።»

ወጡ። ልጆቹ በበርና በመስኮት ተጋፉ። ሽብሩ ፈረሱን ከጥላው ሥር አስሮ፣ ጋሪውን በዚያው አቁሞት ነበር። በጋሪው ኋላ፣ በሰማያዊው ሳንቃ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ጋሪውን ሲገዛ ከነጽሑፉ ነው የገዛው። ሽብሩ ማንበብ አይችልም። ምን እንደሚልም ሰው ጠይቆ አያውቅም፤ ያፍራላ!

«ይህን አንብቢው» አላት። «እትዬ፣ አንቺ የማታ ተምረሻል። ዝም ብለሽ ስሚያትና እውነት መሆኑን ንገሪኝ።»

ትብለጥ ቀረበች። ወደ ጋሪው ሄዳ በቀለሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አባቷ «እጅሽን!» ሊል ነበር፤ ዋጥ አደረገው።

«ቀ…» አለች። ጣቷ ወረደ። «ስ… በ… ል።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ቀስ በል! አባባ፣ ቀስ በል ነው የሚለው!»

ሽብሩ ወደ እኅቱ ዞረ። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሣቀች ነው።

«እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው። ቀስ በል ይላል።»

ሽብሩ ጋሪውን አየ፤ ልጁን አየ። «ለካስ!» አለ። «ያ አደባባይ የሚቆመው ፖሊስ ሁልጊዜ ስከንፍ ያየኝና፣ ‹ኧረ የራስህን አንብብ!› ይለኛል። እኔ እኮ የሚሰድበኝ መስሎኝ አኩርፌው ነበር!»

አቶ ሰይፈ ሣቁ። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን አላዞሩም። ልጆቹ ሣቁ። መምህርቷ ግን ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ ሥቃ ይሁን አልቅሳ ራሷም አላወቀችውም። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሣላት።

ሽብሩ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እስቲ ንገሪኝ። ጣትሽን ስታነሺ ምን ይታይሻል?»

«አይታየኝም አባባ። እጄ ያስታውሰኛል።»

እጇን ይዞ አገላብጦ አየው። በጥፍሯ ሥር ገና ትንሽ ጭቃ ነበረበት። አልጠረገላትም።

«ወንድሜ» አለች ዘነበች፤ «እኔ ብቻዬን መሄዴ ነው እንግዲህ?»

«እሸኝሻለሁ፣ እትዬ።»

«አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቶሎ ንዳ።»

«የለም፤ ልጄ ያነበበችውን ሰምተሻል።»

አቶ ሰይፈም ወደ ቢሯቸው ሲመለሱ ደረጃው ጋ ቆም አሉ። «መምህርት፣ ያንን አሸዋ የት አደረግሽው?»

«ደፋሁት፣ ጋሼ።»

«ሰኞ መልሺው።»

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህን ስሰማ እኔ እፎይ አልኩ። እናንተም እፎይ ያላችሁ ይመስለኛል። ግን እፎይ ብለን ብቻ እንዳንነሣ እለምናችኋለሁ።

ቤታችን ስንገባ ሕፃን እንዴት ነው የምናስቀምጠው? «አርፈህ ተቀመጥ። አትንካ። እጅህን ሰብስብ።» በቀን ስንቴ እንለዋለን? እግዚአብሔር ለዚያ ልጅ ጆሮ ብቻ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ግን እጅ ሰጠው። ዓይን ሰጠው። ምላስ ሰጠው፤ አፍንጫ ሰጠው። አምስት በር ከፍቶለት የላከውን ልጅ እኛ አራቱን ቆልፈን፣ በአንዱ በር ቆመን እንጮኻለን። «ለምን አይገባውም?» ደግሞ እንላለን!

ቤተ ክርስቲያን እኛን በጆሮ ብቻ መቼ አስተማረችን? እስቲ አስቡት። ታሰግደናለች፤ ጉልበታችን ይማራል። መስቀል ታሳልመናለች፤ ከንፈራችንና ግንባራችን ይማራሉ። ጸበል ታስጠጣናለች። ታስጾመናለች፤ ሆዳችን ሳይቀር ይማራል። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ዓይን ሲያበራ በእጁ ምን ነበረ? ጭቃ አይደለም? በቃል ብቻ ማዳን የማይችል ሆኖ ነው? ይችላል። ግን ሰውየው ዓይኑ ሳይበራ በፊት የፈጣሪውን ጣት በፊቱ ላይ ተሰማው። ያ ሰው ያንን ጣት ይረሳዋል?

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ለሕፃናት ሳይሆን ለእኛ ነው።

እኛም እንደ ትብለጥ ነን። «አቤቱ ይቅር በለን» እንላለን፤ ሁላችንም በአንድ ላይ እንላለን፤ ቆንጆ አድርገን እንላለን። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሲሰማን ልቡ ይሞላል። ከመጀመሪያው ብንነሣ እስከ መጨረሻው አንስትም። ግን ከዚህ ወጥተን አጥሩ ጋ ስንደርስ፣ ዓመት ሙሉ ያኮረፍነው ጎረቤት ብቻውን ቆሞ ቢገኝ፣ እግዚአብሔርም በጣቱ እርሱን ነክቶ «ይህስ ምንድን ነው?» ቢለን፣ እናነበዋለን? ወይስ «ጌታዬ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ?» እንለዋለን?

ይቅርታን በእጅ ያልነካ ሰው ይቅርታን አያውቀውም። የታረቃችሁትን ሰው እጅ መጨበጥ አለባችሁ። የታመመውን ትራስ ማስተካከል አለባችሁ። ለተራበው እንጀራውን በእጃችሁ አንሥታችሁ መስጠት አለባችሁ፤ ትኩስነቱ እናንተንም ያሙቃችሁ። ያን ጊዜ ብቻችሁን ብትጠየቁም ታውቁታላችሁ። እጃችሁ ያስታውሳችኋል።

መምህርቷንም አትርሱ። እርሷ መልካሙን መንገድ ያወቀች ሴት ናት። ታዲያ ያወቀችውን ለምን ደፋችው? እንግዳ መጣባታ! የሚያሳፍረን ሰው ሲመጣ ብዙ መልካም ነገር ደጅ እንደፋለን። ልጃችን በሰው ፊት ጥያቄ ሲጠይቅ በዓይናችን እናፍነዋለን። «ጨዋ ናቸው» እንዲባል ብለን የልጁን እጅ እናስራለን። ነገር ግን የእርሷን ደግ ነገር ደግሞ እዩ። የልጅቷን ጣት ባየች ጊዜ፣ በአለቃዋ ፊት፣ በወላጅ ፊት፣ «ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። አሥር ቃል እንኳን አይሞላም። ልጅቷ በእርሱ ዳነች።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ግቡና ልጃችሁን እዩት። የታሰረ ጣት ካለ ፈልጉ። አይዟችሁ፤ ጊዜው አላለፈም። የትብለጥ ልብስ ተዘጋጅቶ እንኳን አላለፈም ነበር።

ትብለጥ በሰኔ ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፈች። ከክፍሏ ሠላሳ አንደኛ ወጣች።